በማሽኗ ጎን ያለችው ሴት

እናቴ ወንበር ስባ ከኋላዬ ተቀመጠችና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች።

"ቀጥይ" አለችኝ።

ሰው እያየኝ መሥራት አልወድም። እናቴ ስታየኝ ደግሞ እጄ ጭራሽ አልታዘዝ ይለኛል።

"እማዬ፣ በቀለም ማስለቀቂያው ሽታ ራስሽን ያምሻል። ሲያልቅ እጠራሻለሁ።"

"ስንት ዓመት ሲያመኝ የኖረ ራስ ነው። ቀጥይ አልኩሽ እኮ።"

አባቴ የጌም ማሽን ፋብሪካ ቀለም ቀቢ ነበር። የእነዚያ ሳንቲም የሚጎርሱ፣ ቁመታቸው ሰው የሚያህል ማሽኖች ጎን ላይ ያለውን ሥዕል የሚሠራው እሱ ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም የተቆረጠ ካርቶን ነበረው። ካርቶኑን የማሽኑ ኮምፔንሳቶ ጣውላ ላይ ይለጥፍና የመኪና ቀለም ይረጭበታል፤ መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ፣ መጨረሻ ጥቁር። ሥዕሉ አንዲት አውሮፕላን አብራሪ ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ሻርፗን ነፋስ እየወሰደው። በከተማው ማሽኖች ላይ ያሉት አብራሪዎች ሁሉ ፊታቸው ቁርጥ የፋብሪካውን ጸሐፊ ነበር። እናቴ ይህን የሚነግራት ሰው አላጣችም።

አባቴ ምሎ ተገዝቶ፣ "አለቃዬ አዞኝ ነው። ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ባለው ማሽን ያለችው ግን አንቺ ነሽ፤ ሄደሽ እያት" ይላታል። እናቴ ደግሞ፣ "የሷን መልክ ለማየትማ ከቤቴ አልወጣም" ብላ ቀረች። መሸነፍ ሞቷ ነው። በኋላ ሲኒማ ቤቱ ማሽኗን ጥቁር ቀለም አስቀባት። አባቴ አምና እስኪሞት ድረስ ይህቺ ነገር በጠባቸው ሁሉ መሃል ብቅ ትል ነበር።

ወንድሜ የማሽኖቹን ስክሪን ይጠግናል፣ እኔ እንጨታቸውንና ሥዕላቸውን። ሲኒማ ቤቱ ሲፈርስ ማሽኗን አግኝቶ ወርክሾፓችን ያመጣት እሱ ነው። ለእናቴ የነገራትም እሱ ነው፤ አፉ መቼ ያርፋል።

ጥቁሩ ርካሽ የዘይት ቀለም ነው። በቀለም ማቅጠኛ በአኳራጅ የተነከረ ጨርቅ ለጥፌበት ትንሽ ስጠብቀው ይለሰልሳል፤ ከስሩ ያለውን የመኪና ቀለም ግን አኳራጅ አይነካውም። አባቴ ደግሞ ብሩሽ የሚይዝ ቀቢን ይንቅ ነበር። "ብሩሽ ለአጥር ነው" ይላል። ስለዚህ ሥዕሉ በሙሉ የተረጨ የመኪና ቀለም ነው ብዬ አምኜ ነበር፤ የምፈራው ቀለሙን አልነበረም። ጸሐፊዋ ብትወጣስ? እናቴ ከዚህ ወንበር ምን ይዛ ትነሳለች?

ሻርፑ ወጣ።

"ሻርፑማ ያንቺ ይመስላል" አላት ወንድሜ እናቴን፣ በሩን ተደግፎ።

"ዝም በል!" አልነው እኔና እናቴ አንድ ላይ።

ጨርቁን ከፊቷ ላይ ሳነሳ ጥቁሩ አብሮ ለቀቀ። እናቴ ናት። ያ ሰፊ ግንባር፣ ያ ሰውን የሚገላምጥ ዓይን። ትከሻዬ ስለጋረዳት እሷ ገና አላየችም። ከሥዕሏ ጆሮ ስር ግን አንዲት ጥቁር ነጥብ ቀርታ ነበር፤ ንጹሕ አድርጌ ላሳያት ብዬ ጨርቁን ጫን አድርጌ ጠረግኋት።

ጉንጯ አብሮ መጣ። አፍንጫዋም፣ ዓይኗም።

ብሩሽ! አባዬ የረጨው ፊት ላይ ደርቦ፣ በዘይት ቀለም፣ በብሩሽ ነበር የሳላት። አኳራጁ ጥቁሩንም እሷንም አንድ ላይ አለስልሷቸዋል። ከስር ጸሐፊዋ ፈገግ ብላ ወጣች።

"እስቲ ከፊቴ ዞር በይ" አለች እናቴ።

አልተነቃነቅሁም። ተነስታ ትከሻዬን ገፋ አደረገችኝ።

"እሷ ናት" አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"እማዬ፣ አንቺ ነበርሽ። በዓይኔ አየሁሽ። እኔ ነኝ ጠርጌ ያጠፋሁሽ።"

"ያባትሽ ልጅ! እሱም እንዲህ ዓይን ዓይኔን እያየ ነበር የሚዋሸኝ።" ወደ ወንድሜ ዞረች። "አንተስ አይተሃል?"

"እኔ እንኳ... ከበሩ ላይ..."

"አላየህም።" ቦርሳዋን አንጠልጥላ መንገድ ጀመረች።

ያኔ ንዴቴ ገነፈለ፤ በሷም፣ በራሴም፣ ብሩሽ መያዙን በደበቀን አባቴም።

"ምን አገኝ ብዬ ነው የምዋሽሽ!" ብዬ ጮህኩ። "ያቺ ከጆሮሽ ስር ያለችው ነጥብ ባትኖር እኮ አልነካሽም ነበር! ቆሻሻ መስላኝ ነው!"

እናቴ በሩ ላይ ቆመች።

"የቱ ጋ?"

ጣቴን ከራሴ ጆሮ ስር አደረግሁ። "እዚህ ጋ። ምስር የምታህል።"

እናቴ አንገት ላይ እንዲህ ያለ ነጥብ የለም። እኔም ወንድሜም አይተን አናውቅም።

ተመልሳ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ሻሿን ገለጥ አድርጋ ከጆሮዋ ስር በጣቷ ዳበሰች።

"ያቺን ነጥብ እናንተን ሳልወልድ ነው ሐኪም ያወጣልኝ" አለች። "አባታችሁ ለምን አስወጣሻት ብሎ ሳምንት አኩርፎኛል።"

ወንድሜ ውሃ ሊያመጣላት ሄደ። እሷ እጄ ላይ ያለውን ጨርቅ ታያለች። ቀለሙ ተደባልቆ ቡናማ ሆኗል።

"ሊሞት ሲል እጄን ይዞ፣ 'አሁንስ አመንሽኝ?' አለኝ" አለች። "ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩበት።"