ከአልጋው ሥር ያለው ጭብጨባ

አቶ ዴሌቦ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ከአልጋቸው ሥር አዳራሽ ሙሉ ሰው ያጨበጭባል። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ቢያይ ከነጠላ ጫማቸው በቀር ምንም የለም። በዚህ ዕድሜ የሚያጋጥም ነው ብሎ ማስታገሻ ጨመረላቸው።

የዞን አስተዳዳሪ ነበሩ። እሑድ ከቅዳሴ አይቀሩም፤ ሰኞ መድረክ ላይ ሲወጡ ግን የማይሉት ነገር የለም። አሁን ጉበታቸው አልቆ፣ ይቅርታ ሳያገኙ መሞት አስፈራቸው። የካቶሊክ ቁምስናውን ቄስ አባ ዮአኪምን አስጠሩ።

«አባ፣ በድያለሁ» አሉ። ጭብጨባው ቀለጠ። እስኪያበቃ ጠበቁና እንደ ምስጋና አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደሚቀጥለው ኃጢአት አለፉ።

«ለምንድን ነው በመሃል የሚያቋርጡት?» አሉ አባ ዮአኪም።

«ሰው ሲያጨበጭብ መናገር ደግ አይደለም ብዬ ነው።»

«ሲናዘዙም እጅ ይነሣል እንዴ?»

ወይ ውርደት! ራሳቸውን መነቅነቃቸውን እንኳ አላወቁትም። ፊታቸውን በአንሶላ ሸፍነው ዋናውን ነገር አወጡት። ሄራሞ አበልጃቸው ነበር፤ ልጁን ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው። ወንበራቸው ሲነቃነቅባቸው፣ ስብሰባ ላይ «ሕዝብ የሚያሳምፀው እሱ ነው» ብለው በሐሰት ወነጀሉት። ሄራሞ እስር ቤት ሞተ።

አባ ዮአኪም በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሃል ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙ። «እግዚአብሔር ይፍታዎት። ሚስቱም ከአፍዎ ትስማው፤ ልጥራት?»

«ይጥሩልኝ» አሉ አቶ ዴሌቦ።

የሄራሞ ሚስት ወይዘሮ ሉቺያ መጥተው በሩ ሥር ቆሙ።

«አበልጅ፣ እንደሚታወቀው በወቅቱ ከነበረው ተጨባጭ ሁኔታ አንጻር...» ሲሉ ከሥር ያለው አዳራሽ ተናወጠ።

«አበልጄ፣ ለኔ ነው ለነሱ የሚናገሩት?»

አቶ ዴሌቦ በዕድሜያቸው እንዲህ አፍረው አያውቁም። «ዋሽቼ ነው ያስገደልኩት» አሉ በሹክሹክታ። «ይቅር በይኝ።»

ማንም አላጨበጨበም። ከአልጋው ሥር ወንበር ሲገፋ፣ ሰው ሲያስል፣ በር ሲከፈት ተሰማ። ሰዉ እያጉረመረመ ወጣ። ወይዘሮ ሉቺያ ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና ከአልጋው ሥር አዩ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እዚያው ቀሩ።

አቶ ዴሌቦም የአልጋውን ጠርዝ ይዘው አንገታቸውን ወደ ታች አወረዱ። ወንበሮቹ እስከ ወዲያኛው በር ድረስ ባዶ ናቸው። ፊት ረድፍ ላይ ሄራሞ ብቻውን፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አያቸውና፣ የቀረውን ለመስማት ወንበሩን አስጠጋ።