ስመ ፈረስ የሌለው ሾፌር

ወንዳወቅ በአሥራ አንድ ዓመት የሹፍርና ዘመኑ አንድም ቀን ተንሸራቶ አያውቅም። ይህ እንደ ጉድለት ተቆጥሮ ሚስት የሚያስከለክልበት ቀን ይመጣል ብሎ ግን በሕልሙም አላሰበም።

የሚነዳው ፍኖተ ሰላም ካሉት መሥሪያ ቤቶች የአንዱን ነጭ መኪና ነበር። አራቱም ጎማዋ ይስባል። አንዱ ጎማ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ሦስቱ ተረዳድተው ያወጡታል፤ ሾፌሩ ቢሳሳት እንኳ እንዳላየች ሆና ታልፋለች። ወንዳወቅ ከእሷ ጋር ቡሬን፣ አዴትን፣ ፈረስ ቤትን በክረምት አዳርሷል። ሌላው ሾፌር ጭቃ ውስጥ ቆሞ መኪናውን የሚጎትት በሬ ሲለምን እሱ ሰላም ብሎ ያልፋል። በዚህ ትንሽ አብዝቶ ይኮራ ነበር። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ኩራቱ የመኪናዋ ነው፤ እሱ ነጥቆ ወሰደባት እንጂ።

ያምሮትን ያገኛትም በዚችው መኪና ነው። ያምሮት ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ክትባት ሲዘመት የበረዶ ሣጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ከጎኑ ትቀመጣለች። ሦስት ዓመት እንዲህ ሲመላለሱ አንዲት ብልቃጥ አልተሰበረችም። አንድ ቀን ታዲያ፣ ሌላ ሰው «እግዚኦ» እያለ የሚወርደውን ቁልቁለት ሲወርዱ፣ ያምሮት ሣጥኗን እንዳቀፈች እንቅልፍ ወሰዳት። ደርሰው ሲቆሙ ነቅታ «ደረስን እንዴ?» አለችው። ወንዳወቅ ያን ዕለት ሊያገባት ቆረጠ። እሷም ብዙ አላስቸገረችውም። ያስቸገሩት አባቷ ናቸው።

አያ ቢያድግልኝ በእናታቸው የአዊ አገው፣ በአባታቸው ቡሬ፣ በልባቸው ፈረሰኛ ናቸው። ስመ ፈረሳቸው አባ ንጠቅ ነው። ንጠቅ ከሞተ ሃያ ዓመት ቢያልፈውም አገሩ የሚጠራቸው በእሱ ስም ነው፤ እሳቸውም ቢያድግልኝ ተብለው ሲጠሩ ቶሎ አይሰሙም። ንጠቅ ሰባት ጊዜ ጥሏቸዋል። ሦስቴ የጎን አጥንታቸውን፣ ሁለቴ ክንዳቸውን፣ ሁለቴ ትከሻቸውን ሰብሯቸዋል። እያንዳንዱ ስብራት የራሱ ገበያ፣ የራሱ ቁልቁለትና የራሱ ምስክር አለው፤ ምስክሮቹ ሁሉ ሞተዋል። ዝናብ ሊመጣ ሲል አያ ቢያድግልኝ ጎናቸውን ይዘው «ንጠቅ መጣ» ይላሉ፣ ጎረቤት ሁሉ ያሰጣውን እህል ያነሳል። ብዙ ጊዜ ዝናቡ ሳይመጣ ይቀራል። ሰው ግን በነፋሱ ያመካኛል እንጂ በአጥንታቸው አይፈርድም።

ለሚሌኒየሙ በዓል ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ፣ ነሐሴ ላይ፣ ወንዳወቅ ሽማግሌ ላከ። መሪያቸው መሪጌታ ክንፈሚካኤል ናቸው፤ ቅኔ አዋቂ፣ ነገር አሳማሪ፣ ለጋብቻ ተልከው አፍረው ተመልሰው የማያውቁ። አያ ቢያድግልኝ የልጁን ዘር ጠየቁ፤ ተነገራቸው። ሃይማኖቱን ጠየቁ፤ ተነገራቸው። ቀጥለው «ስመ ፈረሱስ ማን ነው?» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መሪጌታ እንደምንም ብለው ልጁ የመንግሥት መኪና እንደሚነዳ፣ መኪናዋ አራቱም እግሯ እንደሚስብ፣ በማጥ እንደማትሰምጥ፣ ሰው ጥላ እንደማታውቅ አስረዱ። እሳቸው ባሞገሷት ቁጥር የአያ ቢያድግልኝ ፊት እየከፋ ሄደ።

«እንግዲያማ በቅሎ ናታ» አሉ በመጨረሻ። «በቅሎ ደግ ናት፤ ቄስ ይቀመጥባታል፣ አራስ ትሄድባታለች። በበቅሎ ስም የተጠራ ወንድ ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሊጥለው የሚችል ነገር ላይ ተቀምጦ ይምጣ፣ ያኔ እንነጋገራለን። ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው።»

መሪጌታ የመጡት በበቅሎ ነበርና ይህን እንዳልሰሙ ሆነው ተነሱ።

ያምሮት ወሬው ሲደርሳት ለወንዳወቅ ቁርጡን ነገረችው። አባቷ ለራሳቸው አጥንት ያላዘኑ ለእሱ አያዝኑም። እሷ የምትፈልገው የሚወድቅ ሳይሆን የሚደርስ ሰው ነው፤ ያለ አባቷ ምርቃት ግን ከቤት አትወጣም። ወንዳወቅ ይህን ሰምቶ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም፤ በአራተኛው ቀን ወደ ሙሉሰው ጋራዥ ሄደ።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሰው ሊጥል የሚችል መኪና አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሙሉሰው ጋራዥ ጥግ በላስቲክ ተሸፍኖ ተኝቷል። ቀይ ነው። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር ያለው፣ ቁመቱ ከወይፈን የማይበልጥ የእሽቅድድም መኪና። ባለቤቱ ከአዲስ አበባ ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ፣ ከቡሬ ወዲያ ሆዱን ድንጋይ ቢወጋበት፣ «ሰው እልካለሁ» ብሎ በአውቶቡስ ከተመለሰ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። በዚህ መሀል አንዲት ዶሮ የሾፌሩ ወንበር ላይ ሁለት ጊዜ ፈልፍላለች። ሙሉሰው መኪናውን ጠግኖ ካስቀመጠው ቆይቷል፤ ሞተሩ እንዳይበላሽ አንዳንዴ መንቀሳቀስ አለበት የሚል ምክንያት አበጅቶ ቁልፉን ሰጠው።

ሙሉሰው እጁ የመካኒክ፣ አፉ የሰባኪ ነው። ዶሮዋን አባርሮ ወንዳወቅን ካስቀመጠ በኋላ የሁለቱን መኪኖች ጠባይ አስተማረው። ነጯ ጉልበቷን ለአራቱም እግሮቿ ታካፍላለች፤ ሾፌሩ መሪውን ዝም ብሎ ቢይዝ እሷ ታስብለታለች። ይኼ ቀዩ ግን ሞተሩ ፊት፣ ጉልበቱ ኋላ ነው። የፊት ጎማዎቹ ሥራ መዞር፣ የኋላዎቹ ሥራ መግፋት ብቻ ነው፤ ተመካክረው አያውቁም። ነዳጅ ከልክ በላይ ከሰጡት ቂጡ ቀድሞ ልሂድ ይላል። ያኔ ደንግጦ ፍሬን የያዘ አለቀለት። መሪውን ቂጡ ወደሸሸበት ማዞር፣ ነዳጁንም እንደ ተኛ ሕፃን ቀስ አድርጎ ማስቀመጥ ነው የሚያዋጣው።

«ነጯ ይቅር ትላለች» አለ ሙሉሰው። «ይኼ አይልም። ግን አንተ የምታደርጋትን ነገር ሁሉ መልሶ ይነግርሃል።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ከሥራ መልስ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ተለማመደ። በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ጊዜ ዞረ። በሁለተኛው ቀን ባለጋሪዎች ወሬውን ሰምተው ሊያዩ መጡ፤ አንድ የጋሪ ፈረስ ቀዩ ወደ ጎን ሲሄድ ባየ ጊዜ ጋሪውን ይዞ ጠፋ፣ ማታ ቤቱ ተገኘ። ወንዳወቅ ሲዞር ማርያምን ይጠራል፣ ሲቆም ያልበዋል። ግን አንድ የሚያሳፍር ነገር ነበር፤ ወደደው። በነጯ አሥራ አንድ ዓመት ሲመላለስ መሬት ምን እንደሆነች አያውቅም ነበር። በቀዩ ግን እያንዳንዷን ጠጠር በመቀመጫው ያውቃታል። እስከ ዛሬ ስነዳ ሳይሆን እንደ ተጫነ ዕቃ ስጓዝ ነው የኖርኩት ብሎ አዘነ። ጠዋት ነጯ ውስጥ ሲገባ ውሽማ ቤት አድሮ እንደተመለሰ ባል አንገቱን ይደፋል። እሷ እንደ ልማዷ ይቅር ትለዋለች።

ለፈተናው የተቀጠረው ቀን፣ የመስቀል ማግስት፣ ደረሰ። መሪጌታ ክንፈሚካኤል ሁለተኛው ወንበር ላይ ጥምጥማቸው ጣሪያውን እየነካ ተቀመጡ፤ ሌሎቹ ሽማግሌዎች በእግራችን ይሻለናል ብለው ገና በሌሊት ተነሥተው ነበር። እስከ ቡሬ አስፋልቱን እንደ ነፋስ መጡ። ከቡሬ ወዲያ ኮረት መጣ፣ መሪጌታ ውዳሴ ማርያም ጀመሩ። ኮረቱ አልቆ የመንደሩ ጭቃ ሲመጣ የሐሙሱን ውዳሴ ከሰኞው ጋር ቀላቀሉት። የአያ ቢያድግልኝ አጥር ሲታይ ወንዳወቅ ደስ አለው፤ ደስ ያለው እግር ደግሞ ነዳጅ ያበዛል። ቀዩ ቂጡን አስቀደመ። መሪውን ወደሸሸበት አዞረ፣ ነዳጁን ቀስ አድርጎ ለቀቀ፣ የተማረውን ሁሉ አደረገ። መኪናው ግን ሁለት ጊዜ ተኩል ዞሮ፣ የኑጉን ማሳ አቋርጦ፣ ኋላውን ለአማቱ በር ሰጥቶ ቆመ።

አያ ቢያድግልኝ አለንጋቸውን እንደያዙ እየሮጡ ወጡ። ኑጉን ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም።

«ፈራህ?» አሉት።

«ፈራሁ፣ አያ።»

«እንግዲያማ ፈረስ ነው» አሉና የሞተሩን ክዳን እየደባበሱ በአገውኛ ያናግሩት ጀመር። በእሳቸው ቤት ፈረስ የሚሰማው አገውኛ ብቻ ነው።

ፈረስ ደግሞ ደጅ አይቆምም፤ ግቢ መግባት አለበት አሉ። ወንዳወቅ እንደምንም የመኪናውን ፊት ወደ በሩ አዙሮ ሞከረ። የኋላ ጎማዎቹ ባዶ እየተሽከረከሩ በዚያው ሰዓት በእግራቸው የደረሱትን ሽማግሌዎች ጭቃ አለበሱ። ከኋላው ሸክም ካልተደረገለት መሬቱን እንደማይጨብጥ ወንዳወቅ ተናገረና አንድ ኩንታል እህል ለመነ። አያ ቢያድግልኝ ስቀው፣ አባ ንጠቅ እያለ ለፈረስ ጭነት እህል አይፈለግም ብለው የኋላው ክዳን ላይ በኮርቻ እንደሚቀመጥ ሰው እግራቸውን አንፈራጠው ወጡ። ወንዳወቅ ለመናቸው። ያምሮት ከበሩ ሆና ለመነቻቸው። እሳቸው አለንጋውን አጮኹ።

ሸክም ያገኘው ቀዩ መሬቱን ጨበጠና እንደ ተኮሱት ግቢ ገባ። አያ ቢያድግልኝ አብረውት አልገቡም።

ኑጉ ውስጥ ተጋድመው ሲያገኟቸው ፊታቸው ላይ ሕመም አልነበረም፤ መገረም ነበር። ወሬውን ዘመናቸውን ሙሉ ሲያወሩ ኖረው ዛሬ ገና በአካል ያገኙት ነገር ይመስል ሰማዩን ያያሉ። ያምሮት ትከሻቸውን ስትነካው ጮኹ። ተሰብሯል፣ ሆስፒታል ነው አለች። አያ ቢያድግልኝ ይህን ሲሰሙ ነው በእውነት የደነገጡት። ሰባቱንም ጊዜ ያሻቸው ወጌሻ ነው፣ ስምንተኛውንም ወጌሻ ያሸዋል፣ ራጅ የሚባል ነገር አካላቸውን አያየውም አሉ። ሽማግሌዎቹ በጀግንነታቸው ተደነቁ። ያምሮት ግን አልተደነቀችም፤ ነጯን አምጣ ብላ ወንዳወቅን ላከችው።

ያን ዕለት ነጯ መኪና ለክትባት ሥራ እዚያው ቀበሌ ጤና ኬላ ደጅ ቆማ ነበር፤ ይዟት የመጣው ላቀው የሚባለው ተተኪ ሾፌር ነው። ጎረቤት ለመስቀል ከታረደው ሥጋ እየበላ ሳለ ወንዳወቅ ደርሶ ቁልፉን ተቀበለው። አያ ቢያድግልኝን ከፊት አስቀመጧቸው፣ ያምሮትና መሪጌታ ከኋላ ሆኑ። ወንዳወቅ ከዚያ ጭቃ አወጣት፣ ጉድጓዱን አንድ በአንድ እየሸሸ ወሰዳት። የተሰበረ ትከሻ ይዘው ሲራገሙ የመጡት ሰውዬ ቡሬ ሳይደርሱ ዝም አሉ። ቡሬን ሲያልፉ ያንኮራፉ ጀመር። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ደጅ ስትቆም ነቅተው ግራ ቀኙን አዩና «ደረስን እንዴ?» አሉ። ወንዳወቅ በመስታወቱ ያምሮትን አያት፤ እሷም እሱን።

ያምሮት ካርድ ልታወጣ ሄደች። የራጅ ባለሙያው፣ የድሮ ስብራት ብዙ ነው ስለተባለ፣ ትከሻቸውን ብቻ ሳይሆን ጎናቸውንም ክንዳቸውንም አነሳ። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ብዙ አየ። የድሮው የቱ እንደሆነ ጠየቀ። ወንዳወቅ በጣቱ እየቆጠረ፣ ሦስት ጎን፣ ሁለት ክንድ፣ ሁለት ትከሻ አለው። ባለሙያው ራሱን ነቀነቀ። የእኚህ ሰው አጥንት እንደ ልጅ አጥንት ንጹሕ ነው፤ ከዛሬው በቀር ተሰብረው አያውቁም አለና ፊልሙን ይዞ ወጣ።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። አያ ቢያድግልኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ንጠቅ ጥሎኝ አያውቅም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንድ ቀን እንኳ። ከገበያ ሞቅ ብሎኝ ጀርባው ላይ ተኝቼ ስመጣ፣ ጉድጓዱን እየዞረ፣ ልክ እንዳንተዋ በቅሎ፣ ቀስ አድርጎ ያደርሰኝ ነበር። ከበሩ ቆሞ እስክነቃ ይጠብቀኛል። ይህን ለወንዶች ምን ብዬ ላውራ? ደግ ፈረስ ነበረኝ ልበል?»

ዐይናቸው እንባ ሞላ። ወንዳወቅ ለእሳቸው አዘነ፤ ለንጠቅ ደግሞ ይበልጥ አዘነ። ያ ደግ እንስሳ ሃያ ዓመት ሙሉ በማያውቀው ወንጀል ስሙ ሲነሳ ኖሯል። የሰማሁትን ለአገር እናገራለሁ ቢል ያምሮት የእሱ እንደምትሆን ያውቃል፤ ሽማግሌው ከዚህ በኋላ ለእሱ ምን ሊከለክሉ ይችላሉ? ተነሥቶ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ቆመው ጠበቁት። ምን ተገኘ አሉት። በሩ ክፍት ነበር።

«ሰባቱም ታየ» አለ ወንዳወቅ። «ባለሙያው እስከ ዛሬ እንዴት በሕይወት ኖሩ ብሎ ተገርሞ ነው የወጣው።»

አያ ቢያድግልኝ ከውስጥ መሪጌታን ጠሩ። ያምሮትም ካርዱን ይዛ ደረሰች።

«ያን ቀን የጠየቅኋችሁን ዛሬ እናንተ ጠይቁኝ» አሉ።

መሪጌታ ነገሩ ባይገባቸውም ሥራቸው ነውና ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የልጁ ስመ ፈረስ ማን ይባል ሲሉ ጠየቁ።

«አባ ንጠቅ።»

ይህማ የእርስዎ ስም ነው እንጂ፣ ለሁለት ሰው እንዴት ይሆናል ብለው መሪጌታ ሊከራከሩ ጀመሩ። አያ ቢያድግልኝ በደህና እጃቸው የወንዳወቅን እጅ ይዘው አቋረጧቸው።

«ይሆናል» አሉ። «ከእኔ ሌላ ንጠቅን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።»