ወደ ውስጥ የሚከፈት በር

እናንተ፣ የሽንት ቤት በር ወደየት እንደሚከፈት አስባችሁ ታውቃላችሁ? አታስቡም። አንዲት ነርስ ግን ታስብ ነበር፤ ታናሽ ወንድሟ አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ የሚወስድ ነውና።

ተው ብላ ብላ ምላሷ ሲዝል፣ ቢያንስ እንዳይሞት ፈለገች። «ብቻህን አትውሰድ» አለችው። እሱና መሰሎቹ ከምትሠራበት ጤና ጣቢያ ንጹሕ መርፌ ይወስዳሉ፤ አንዳንዱ እዚያው ሽንት ቤት ይገባል። ስለዚህ በሩ እግር እንዲያሳይ ከታች አስቆርጣው፣ ወደ ውጭ እንዲከፈትም አድርጋው ነበር። ባለፈች ቁጥር ታንኳኳለች።

«አለህ?»

«አለሁ፣ እትዬ! እዚህም ሰላም የለም እንዴ?»

«ሰላም ያለው መቃብር ነው። ቶሎ ውጣ!»

የጤና ጣቢያው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ይህን ሲያዩ ፊታቸውን አኮሳተሩ።

«ሲስተር፣ የሰው እግር እየታየ ምን የሚሉት ነውር ነው? ደግሞስ ይሄ ማበረታታት አይሆንም?»

«ጃንጥላ የያዘ ሰው ዝናብ ይጠራል እንዴ?»

ብዙም ሳይቆይ በእሳቸው ትእዛዝ ከወለል እስከ ጉበን የሚደርስ፣ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከባድ በር ተገጠመ። ነውር ተሸፈነ። እግር ከሚታይ፣ ሰው ቢሞት ይሻላል የሚል ጨዋነት!

አንድ ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ሲገባ አይታው ኖሮ ሄዳ አንኳኳች። ዝም። ደግማ አንኳኳች። ዝም። ዘበኛውን ጠራች፤ በትከሻው ገጭቶ መቀርቀሪያውን ነቀለው። በሩ ግን ጣት ታህል ተከፍቶ ቆመ። ያቆመው ውስጥ የወደቀው ወንድሟ ነበር።

ዘበኛው እንደገና ሊገፋ ተንደረደረ።

«ተው ጋሼ! አንገቱን ነው የምትገፋው!»

ማጠፊያው በውስጥ በኩል ነው፤ ከውጭ አይፈታም። ዘበኛው መጥረቢያ አምጥቶ የበሩን የላይኛውን ግማሽ ሰበረው፤ እሷም በዚያ ሾልካ ገባች። ከንፈሩ ጠቁሯል። ትንፋሽ የሚመልሰውን መድኃኒት ጭኑ ላይ ወጋችው፤ እስኪተነፍስ ድረስም ተነፈሰችለት።

«አለሁ» አለ፣ ሆስፒታል ሲነቃ። በላዩ ተኝቶበት የቆየው ቀኝ እጁ ግን አልነቃም።

ጤና ጣቢያው ነዋሪውን ሰበሰበ። ሥራ አስኪያጁ ማይክ ይዘው፣ በሩን የሰበረ ሰው እንደሚጠየቅ፣ የቀሩትም ሽንት ቤቶች እንደዚሁ እንደሚታደሱ ተናገሩ። ተጨበጨበ። ነርሷ ተነሣች።

«ሲስተር፣ የግል ጉዳይዎን ቢሮ እንነጋገርበታለን።»

«ቢሮ አልገባም። የቢሮዎም በር ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«በሩን ያሰበርኩት እኔ ነኝ፤ ይኸው ተናገርኩ። አሁን ተራው የእርስዎ ነው። ያንን በር ሲያስገጥሙ፣ ውስጥ ሰው ቢወድቅ ማን በየት እንዲገባለት አስበው ነበር? የቀሩትንስ ሲያስገጥሙ? ማይኩ በእጅዎ ነው። እዚሁ፣ በሰው ፊት ይመልሱልኝ!»