ሳሙና የበላው አሻራ

አርባ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን እድፍ ስታስለቅቅ የኖረች ሴት፣ የክብሪት ሳጥን በምታህል የአሻራ ማሽን ፊት ቀርባ «የለሽም» ተባለች። ከዚህ የባሰ ንቀት ያየ ካለ ይምጣና ይናገር!

ሰፈርተኛው እማማ ምላጭ ይላታል፤ ስሙን ያወጡላት ምላሷን የቀመሱ ናቸው። ሥራዋ ሳሙና ነው። ሞራ ታቀልጣለች፣ ኮስቲክ ሶዳ ትበጠብጣለች፣ ሁለቱን አዋህዳ እስኪወፍር ታማስላለች፣ ሲረጋ በሽቦ ትቆርጣለች። ፊደል አልቆጠረችም። የፊደል ቆጣሪዎቹን አንገትጌ ግን ማን ሲያነጣ ኖረና!

ብድር ቢሮ የሄዱት አምስት ሴቶች ሆነው ነበር፤ አንዷ ለሌላዋ ዋስ። አንዷ ከጎደለች አራቱም ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፣ የቢሮው ደንብ ነው። ፀጉር ሠሪዋ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ አትክልት ሻጯና ጫጩት አርቢዋ ጣታቸውን ሲያስነኩት ማሽኑ አረንጓዴ በራላቸው። የእማማ ምላጭ ተራ ሲደርስ ቀይ። አውራ ጣት ቀይ፣ ሌባ ጣት ቀይ፣ አሥሩም ቀይ!

«እማማ፣ ጣትዎ ላይ እኮ አሻራ የለም» አለ ባለክራባቱ የብድር ሠራተኛ።

«ሶዳ የበላው ጣት ምን እንዲኖረው ፈለግህ? ያንተ ከወረቀት ሌላ ምን ነክቶ ያውቃል?»

«አይቆጡ እንጂ። ወንድ ልጅ የለዎትም? በእሱ ስም እናድርገው።»

«አለኝ። ለጣሪያሽ ቆርቆሮ ልግዛ ብሎ የወሰደውን ገንዘብ ይኸው በሞተር ሳይክል እየጋለበው ነው፤ ጣሪያው ዛሬም ያፈሳል። ድካሙ የኔ፣ ስሙ የሱ? አይደረግም!»

«እንግዲህ መዝገቡ ሊዘጋ ሃያ ቀን ቀርቶታል» አለና ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ።

አምስቱም ወጥተው መንገድ ጀመሩ። እማማ ምላጭ በብድሩ ዘይት በበርሜል ልትገዛ፣ ትልቅ ድስት ልታሠራ ነበር ሐሳቧ። የሷስ ይቅር፤ የሰው ልጆች እንጀራ በሷ ጣት መዘጋቱ ነው ያንገበገባት። ቆም አለችና፦

«ሌላ ሴት ፈልጉ። እኔ አርጅቻለሁ» አለች። ይህ ቃል ካፏ ሲወጣ በዕድሜዋ የመጀመሪያው ነው።

ፀጉር ሠሪዋ እጇን ይዛ ገለባበጠችው። «ማርጀት አይደለም እማማ። የኔንም ጣት የፀጉር ቀለም እንዲህ ይልጠው ነበር፤ ወልጄ ስተኛ አሻራው መልሶ በቀለ። እጅዎ ይረፍ።»

«እጄ ሲያርፍ ሳሙናውን አባትሽ ሊሠራው ነው?»

«እኛ እንሠራዋለን።»

ልብስ ሰፊዋ ካሮጌ አንሶላ ጓንት ሰፋችላት። እጇን በዘይት አሽተው፣ ጓንቱን አጥልቀው፣ ግቢዋ ውስጥ አግዳሚ ላይ አስቀመጧት። አፍንጫዋን እንኳ ማከክ ተከለከለች። የቀራት ምላሷ ነበር፤ እሱን ደግሞ ማን ያስርላታል!

መጀመሪያ የጣዱት ተበላሸ። ጫጩት አርቢዋ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ስታማስለው ቋጥሮ ቁጭ አለ።

«ወዲህና ወዲያ የምታደርጊው ሳሙና ነው ሐሜት? ወደ አንድ ወገን አማስይ!»

«ክንዴ ዛለ እማማ!»

«አፍሽ ሲዝል አይቼው አላውቅም። ማማሰያውን አንሺና አንጠባጥቢ፤ ጠብታው ሳይሰምጥ ላዩ ላይ ከተኛ ያኔ ደርሷል።»

በሦስተኛው ድስት ጠብታው ተኛ። ከዚያ ወዲያ ተራ ገብተው ሠሩ፤ አንድም ደንበኛ ባዶ እጁን አልሄደም።

እሷ ግን በየጠዋቱ ጓንቷን አውልቃ መስኮት ዳር ትቆማለች። ጣቷ እንደ ወንዝ ጠጠር ልሙጥ ነው። በዐሥራ ስድስተኛው ቀን ግን ቀጫጭን መስመሮች ታዩዋት፣ ገና እንደታረሰ ማሳ ትልም። ለማንም አልተናገረችም። ዓይኗ እንዳያታልላት ፈርታ ነው።

በሃያኛው ቀን አምስቱም ቢሮ ገቡ። አውራ ጣት ቀይ። ሌባ ጣት ቀይ። የመሃሉም ቀይ። ባለክራባቱ መዝገቡን ሊከድን እጁን ሰደደ።

«ቆይ!» አለችና የቀለበት ጣቷን ጫነች፤ ዕድሜውን ሙሉ ሥራ ሲሸሽ የኖረውን ያንን ሰነፍ ጣት።

አረንጓዴ!

አትክልት ሻጯ ወንበር ላይ ወጥታ ጮኸች። ጫጩት አርቢዋ የቢሮውን ዘበኛ አቀፈችው፤ ዘበኛውም አልጠላም።

«በሉ እማማ፣ እዚህ ወረቀት ላይ በቀለም ይጫኑልኝ» አለ ባለክራባቱ ላቡን እየጠረገ።

«መጀመሪያ ይነበብልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን አነሳች። «ስም... ዕድሜ... ሥራ፣ የቤት እመቤት።»

እማማ ምላጭ ቀለም የነካ ጣቷን ወደ ኋላ ሳበች።

«ማን ናት የቤት እመቤት?»

«ያው ለእናቶች እንደዚያ ነው የምንሞላው...»

«ስማ ልጄ፣ አሻራዬን የበላው ቤት መቀመጥ አይደለም። ያንን ሰርዝና ሳሙና ሠሪ ብለህ ጻፍ። በትልቁ ጻፈው። ስትጨርስ ደግሞ ብድግ በልና ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለህ አንብበው!»