ሜቲ በኤክስፖው ሥዕል ውስጥ

ጋሽ ገሜዳ ዕድሜያቸውን የፈጁት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲስሉ ነው። ወንድዬ የሚባለው የአስራ ስምንት ማዞሪያው ባለ ቤርጎ ግን ለእንግዳ መቀበያው ሌላ ነገር አማረው። ከስልኩ ላይ የዓለም ኤክስፖ፣ አገሮች ሥራቸውን የሚያሳዩበት ትርኢት፣ ፎቶ አሳያቸውና "ይቺን በትልቁ! ሰዉ ሲፈነድቅ ይታይልኝ" አላቸው። ባንዲራው፣ ፊኛው፣ አይስክሬም የሚልሰው፣ ሰው ጭኖ የሚዞረው ትልቁ ጎማ፣ አንዱም አልቀረ። ሰዉን ግን በለመዱት ወግ ሳሉት፤ ሁሉም ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ ወደ ጎማው አንጋጧል።

ከአንዲት ሴት በስተቀር። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው፤ ይሁዳና አጋንንት ግን በጎን፣ ባንድ ዓይን ነው የሚሳሉት። ያቺንም ሴት በጎን ሳሏት። መልኳ የሜቲ ነው፣ ያለ እናት ያሳደጓት የአንዲት ልጃቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ጴንጤ ሆና ዮኤልን ስታገባ "ልጅ የለኝም" ብለው ነበር። ወይ እልህ! ሰው በገዛ ልጁ እንዲህ ይጨክናል?

ሜቲ መውለጃዋ ሲደርስ ሆዷን ደግፋ ከሳንሱሲ በታክሲ አባቷ ሸራ ወጥረው ወደሚስሉበት ቤት መጣች። ደም ግፊት አለብሽ ብለው ሐኪሞቹ አስፈራርተዋታል። የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ አባቷ "በሽልም ያውጣሽ" እንዲሏት። ያለዚያ ምርቃት የማዋለጃ አልጋ ላይ መውጣት ፈራች።

ሥዕሉን ስታይ ክው አለች። ቀለም እየበጠበጠች ያደገች ልጅ ናት፤ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም።

"አባባ፣ ይቺ እኔ ነኝ?"

ጋሽ ገሜዳ ብሩሻቸውን እያጠቡ ነበር።

"ሌላኛውን ዓይኔን መቼ ይሰጡኛል?" አለች፣ ልትስቅ እየሞከረች።

"ንስሐ ስትገቢ።"

"እሺ። ምርቃቱንስ?"

ቃሉ ጉሮሯቸው ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጡት። ስትገላገል ሄጄ እመርቃታለሁ፣ አሁን ብሸነፍ ትንቀኛለች ብለው አሰቡ። ሜቲ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ እንደምንም ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ስማ ወጣች።

በአራተኛው ቀን ዮኤል እያለቀሰ ደወለ። ልጁ ተርፏል። ሜቲ የለችም።

ለቅሶው እንዳበቃ ጋሽ ገሜዳ ሥዕሉ ፊት ተቀመጡ። በጎን ለተሳለ ፊት ዓይን ብቻ መጨመር አይቻልም፤ ፊቱ ሁሉ ተፍቆ እንደ አዲስ መሳል አለበት። ፋቁት። ወደ ፊት አዙረው ሳሏት፣ ሁለተኛውንም ዓይን ሰጧት። ሦስት ቀን ፈጀባቸው።

ወንድዬ ሊወስደው ሲመጣ በደስታ እጁን አጨበጨበ። "ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! ድግስ በሉት እንጂ!" ከዚያ ጠጋ ብሎ ተመለከተ። "ቆይ፣ ሰዉ ሁሉ ጎማውን ሲያይ ይቺ ምነው እኛ ላይ አፈጠጠች? ምን ፈልጋ ነው?"

"ምርቃት" አሉ ጋሽ ገሜዳ። "ምርቃት እየጠበቀች ነው።"