ወደ ኋላ የሄደው ቀይ ወታደር

ጓድ ወርቅአገኘሁ ነጭ የሚባል ነገር አይወድም። የደብረ ብርሃን ቼዝ ውድድር ኃላፊ በሆነ ማግስት ነጮቹን ጠጠሮች ቀይ አስቀባቸው፤ አብዮተኛ እንዴት በነጭ ይጫወታል! ንጉሡንም «ሊቀመንበር» ሊለው አስቦ ነበር፤ ንጉሡ ተይዞ ሲሸነፍ «ሊቀመንበሩ ማት ሆነ» ብሎ የሚጮህ ደፋር ስለማይገኝ ተወው።

ራሱ ኃላፊ፣ ራሱ ተወዳዳሪ ሆኖ ለፍጻሜ ደረሰ። ያሸነፈ ምሥራቅ ጀርመን ይሄዳል። ወርቅአገኘሁ አንዴ ለትምህርት ሄዶ የዚያን አገር ኑሮ ቀምሶታል፤ ድጋሚ ካልሄድኩ ብሎ እህል አልበላ ብሎታል። ተጋጣሚው የአልዩ አምባው በርበሬ ነጋዴ ዓወል ነው። ጨዋታው ተወሳስቦ ሳያልቅ መሸና ለእሑድ ተቀጠረ። የወርቅአገኘሁ አንድ ቀይ ወታደር የሰሌዳውን ጫፍ ነክቶ ንግሥት ለመሆን ሁለት እርምጃ ቀርቶታል፤ የዓወል ፈረስ ደግሞ ቀዩ ንጉሥ አፍንጫ ሥር ቆሟል።

ወርቅአገኘሁ ግን ከጀርመን ያመጣት ቼዝ የምትጫወት ማሽን አለችው። ቤቱን ዘግቶ የቆመውን ጨዋታ ይደረድርባት ጀመር። ማሽኗ ቀይ የሚባል አታውቅም፤ ወይ ነጭ፣ ወይ ጥቁር። ቀዮቹ የቆሙት በነጮቹ ቦታ መሆኑን ልቡ ያውቃል፤ ጣቱ ግን እንዴት ይታዘዝ! «እኔ? ነጭ? ሞቼ ነው ቆሜ!» አለና ቀዮቹን ጥቁር ብሎ አስገባ።

ለሁለቱም ወገን ራሷ እንድትጫወት ለቀቃት። ነጭ ወደ ላይ፣ ጥቁር ወደ ታች ነው የሚሄደውና፣ ያ ንግሥት ሊሆን የደረሰው ወታደር ፊቱን አዙሮ ወደ መጣበት ይወርድ ገባ። ወርቅአገኘሁ ክው አለ። ወዲያው ግን ተገለጠለት፦ ስልታዊ ማፈግፈግ ነዋ! በሶሻሊስት አገር የተሠራች ማሽን በከንቱ ወደ ኋላ አትልም። ደጋግሞ ሞከራት፤ ሁሌም የሱ ንጉሥ ማት ሆነ።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ዓወል ሲያሰላስል ሰንብቶ፣ እንዳለቀለት አምኖ እጅ ሊሰጥ ነበር የመጣው። አፉን ከመክፈቱ በፊት ወርቅአገኘሁ ብድግ አለና፣ «ጓዶች፣ ሳይንሳዊ ትንተና አካሂጃለሁ፤ ተሸንፌያለሁ!» ብሎ ግለሂሱን አወረደው።

«ወላሂ ጓድ፣ ምን ነካዎት?» አለ ዓወል። «ይቺን ወታደር ሁለቴ ቢገፏት እኮ እኔ አለቀልኝ!»

ወርቅአገኘሁ ሰሌዳውን አየ። ወታደሩ የሚሄደው ወደ ላይ ነው። ያኔ ጥፋቱ ፍንትው አለለት። ማስረዳት ይችላል፤ «ቀይ ያልኳችሁ ሁሉ ለካ ነጭ ነው» ማለት ብቻ ነው። የፓርቲው ተወካይ ደግሞ እርሳሱን ቀርጾ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል።

«ለአብዮቱ ስል ነው» አለ።

አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ጀርመን የሚሄደው ዓወል ሆነ፤ ወርቅአገኘሁም አንጀቱ እያረረ አብሮ አጨበጨበ።