የድምፅ መለኪያው እርማት

ማክሰኞ ጠዋት አቶ ዘርጋው የአንድ ድምፅ መለኪያ ብሎን ወደ ግራ ሲያዞሩ አዳማ ጸጥ አለች። ጸጥ አለች ማለት ያጋንነዋል፤ በሦስት ዴሲቤል ቀነሰች።

አቶ ዘርጋው ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው። አሁን ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በቀድሞ ተማሪያቸው በገመቹ የመኪና ቴፕና ስፒከር መግጠሚያ ቤት፣ መለኪያዎችን ይፈትሻሉ። ሁልጊዜ ዘጠና አራት ዴሲቤል የምትጮህ አንዲት ትንሽ ሲሊንደር አለቻቸው። መለኪያውን አፏ ላይ ይደግኑና ከዘጠና አራት ከፍ ወይም ዝቅ ያለ እንደሆነ ብሎኑን በካቻቪቴ እያዞሩ ያርሙታል። ያን ዕለት የመጣው መለኪያ ዘጠና ሰባት አለ። አረሙት፤ ዘጠና አራት አለ። ነገር ግን ቀደም ብለው ያረሟቸው ሁለት መለኪያዎች በዚያችው ሲሊንደር አፍ ላይ ዘጠና አንድ ማለት ጀመሩ። ስለዚህ የታረመው መለኪያው አልነበረም።

ገመቹ ከአንድ ሚኒባስ ውስጥ ሽቦ እንደያዘ ብቅ አለ።

“ቲቸር፣ ጆሮዬ ተደፈነ እንዴ?”

“ጆሮህ ደህና ነው። ከተማው ነው የቀነሰው።”

“በስንት?”

“በሦስት።”

“ታዲያ ምነው በሦስት ቆሙ? አማቴ እኮ እዚሁ አዳማ ናቸው።”

አቶ ዘርጋው ለምሳ ወደ ቤት ሄዱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ሰኔ ላይ ጉሮሯቸውን ከታከሙ ወዲህ ድምፃቸው እያነሰ ሄዷል። አቶ ዘርጋው፣ ሌላው ሰው የሚስቱን የደም ግፊት እንደሚለካ፣ በየእሑዱ ይለኩላቸው ነበር። ባለፈው እሑድ ሠላሳ አራት ነበር። ዛሬ የወይዘሮ አስካለ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፁ ግን አልወጣም። አልወጣም ማለት ስሕተት ነው። ወጥቷል፤ ነገር ግን የአቶ ዘርጋው ሽማግሌ ጆሮ መስማት የሚጀምረው ከሠላሳ ሦስት ነው። ተነሥተው ጆሯቸውን ወደ ሚስታቸው ከንፈር አስጠጉ።

“ወጡ ጨው አነሰው ወይ?” ይሉ ነበር ወይዘሮ አስካለ።

አቶ ዘርጋው ምሳቸውን ሳይጨርሱ ወደ ሥራ ተመለሱ።

ብሎኑን ወደ ቀኝ አዞሩ። በሦስት ዴሲቤል ከተማዋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። እዚያ ላይ ማቆም ይገባቸው ነበር። ሆኖም የሚስታቸው ድምፅ በሚቀጥለው ወር ሠላሳ፣ ከዚያም ሃያ እንደሚሆን አሰሉ፤ ስለዚህ ዐሥር ጨመሩ።

“ቲቸር፣ ያኔ ፈተናዬን ሲያርሙ እንዲህ ቢጨምሩልኝ ኖሮ ዛሬ ኢንጂነር ነበርኩ!” አለ ገመቹ። ሲናገር የሱቁ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

ከእያንዳንዱ እርማት በኋላ ባዶ መኪና መለካት የሥራው ደንብ ነው። አቶ ዘርጋው መለኪያውን ይዘው በግቢው ከቆሙት መኪናዎች በአንዷ የሾፌር ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ በሩንና መስኮቱን ዘጉ፤ ሞተሩም ጠፍቶ ነበር። ባዶ መኪና ሁልጊዜ ሠላሳ ይላል። አሁን አርባ አለ። ስሌቱ ልክ ነበር። ልዩነቱ፣ እስከ ዛሬ “ባዶ” እያሉ የመዘገቡት ድምፅ አሁን ለጆሯቸው መድረሱ ነው። የሰው ንግግር ነበር።

“ቀንስልን፤” አለ አንድ ሰው ከኋላ ወንበር። “ልጆቹን ቀሰቀስካቸው።”

አቶ ዘርጋው በስፔኪዮው ተመለከቱ። ወንበሩ ላይ ማንም አልነበረም።

“ይቅርታ፤” አሉ። “ስንት ናችሁ?”

“እዚህ መኪና ውስጥ ሦስት ነን።”

የሰውየው ልመና ተገቢ መስሎ ታያቸው። ካቻቪቴውን ብሎኑ ላይ አሳረፉ። በዚህ መካከል ስልካቸው ጮኸ። ወይዘሮ አስካለ ነበሩ፤ ከሰኔ ወዲህ ደውለው አያውቁም።

“ዘርጋው፣ ጨው አንሶት ነው ወጡን ጥለኸው የሄድከው?” ድምፃቸው የድሮው ነበር፤ ጥርት ያለ።

“የለም፣ ልክ ነበር።”

“ስማ፣ ዕቃ ሳጥብ ዘፈንኩ እኮ! ራሴው ደነገጥኩ።”

“እባክህ፣” አለ የኋላው ሰው፣ “በሌሎቹ መኪናዎች ያሉት ሳይነሡ ቀንሰው።”

“ማን ነው አብሮህ ያለው?” አሉ ወይዘሮ አስካለ።

“ማንም የለም፤” አሉ አቶ ዘርጋው። ጥቂት አሰቡና፣ “ሦስት ሰዎች አሉ፤” ብለው አረሙ።

ካቻቪቴውን ከብሎኑ ላይ አንሥተው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

“እስቲ አሁንም ዝፈኚልኝ፤” አሉ።

ወይዘሮ አስካለ ዘፈኑ። ከኋላ ወንበር የሚለምነው ድምፅ አቆመ። በምትኩ ሁለት የሕፃን ድምፆች፣ ከወይዘሮ አስካለ በአንድ ቃል እየቀደሙ፣ ያንኑ ዘፈን መዝፈን ጀመሩ። ከመኪናዋ የፊት መስታወት ባሻገር፣ በግቢው የተደረደሩት ባዶ መኪናዎች፣ ሰው እንደ ተሳፈረባቸው ሁሉ፣ አንድ በአንድ በጎማቸው ላይ ዝቅ አሉ።